አልሄድ ያለው ራጅ

ልጄ የወደቀች ዕለት በጠዋት እኔ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሜ እሷኑ እየጠበቅሁ ነበር። ከቡሬ ወዲያ ካለው አገራችን ስንቋን ይዤላት መጥቼ ነው፤ በሶ፣ ሽሮ፣ በጠርሙስ የተነጠረ ቅቤ። እሷ ከተማ ቤት ተከራይታ ቴክኒክና ሙያ ትማራለች። ሁልጊዜ ቀድማኝ ትደርስ የነበረችው ልጅ ያን ቀን ቆየችብኝ። ኋላ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የሷ ነው፤ ሳነሣው ግን የወንድ ድምፅ።

«ለዚህች ልጅ ምኗ ነዎት?»

«እናቷ ነኝ። አንተ ማነህ?»

«እንግዲያ ወደ ክሊኒክ ይምጡ። አይደንግጡ።»

አይደንግጡ ከሚለው ቃል የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ስንቁን መናኸሪያ ለአንዲት ሎሚ ሻጭ ጥዬ፣ በባጃጅ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔን ልትቀበል በጋሪ ስትመጣ ከኋላ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ ፈረሱ በረገገ፤ ጋሪው ጎማው ከመንገዱ ወጥቶ ተገለበጠ። እሷ በጀርባዋ ወደቀች፤ አንገቷ የመንገዱን ጠርዝ መታው። ሌላ ቦታዋ አንድ ጭረት የለበትም። ስደርስ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ግራና ቀኝ ጆሮዋ ሥር የአሸዋ ከረጢት አስደግፈውላታል። ዓይኗ ብቻ ነው ወደኔ የዞረው።

«እማዬ፣ እንዳትነኪኝ። አትንቀሳቀሺ ብለውኛል።»

«ያምምሻል?»

«አያምመኝም። እጄን ይነዝረኛል እንጂ።»

አያምመኝም ስትለኝ ደስ አለኝ። ሐኪሙ ግን ይነዝረኛል የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ከክፍሉ አውጥቶ በኮሪደሩ አቆመኝ። ወጣት ነው፣ አነጋገሩ የከተማ ነው።

«እናት፣ የአንገቷ አጥንት የተሰበረ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምልዎት። ራጁን አንሥተነዋል፤ እኔ ግን የአጥንት ስፔሻሊስት አይደለሁም። ተሰብሮ ከሆነና ሳናውቅ ቀና ብናደርጋት፣ አጥንቱ ኅብለ ሰረሰሯን ሊጫነው ይችላል።»

«ቢጫነውስ?»

«እጅና እግሯ…» አለና ተወው። ቀሪውን እኔ ጨረስኩት፤ በልቤ።

ከዚያ መላውን ነገረኝ። ባሕር ዳር ካለ አንድ የግል ሆስፒታል ጋር ውል አላቸው። ራጁን ከዚህ በኮምፒውተር ይልኩታል፣ እዚያ ያለው የአጥንት ሐኪም ያየዋል፣ ምን እንደሚደረግ ይነግራቸዋል፤ ክፉ ከሆነም አንገት የሚያጸናውን መሣሪያ ይዞ አምቡላንስ ይመጣል። ራጁ የሚታተምበት ፊልም አልቆባቸዋል፤ ሥዕሉ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። በስልክ ፎቶ አንሥተው ቢልኩለት፣ ስፔሻሊስቱ በዚህ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አይታየኝም ብሏል። በኢሜይል ቢሞክሩት ከብዶ እንቢ አለ። በፍላሽ ገልብጠው ለባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት ሰጥተዋል፤ መኪናው ሰው ሞልቶ፣ በየከተማው እየቆመ እስኪደርስ ግን ይመሻል።

«በኮምፒውተር መላኩስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኩት።

«እሱማ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይደርሳል።»

ደርሶ ቢሆን ይህን ባልጻፍኩ።

የኮምፒውተሩ ክፍል ከልጄ ክፍል ትይዩ ነው። ባለሙያው ሠላሳውን ያለፈ፣ የቄስ ልጅ፣ ድምፁ ከከንፈሩ የማይርቅ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ስገባ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ቆሞ መሥራት ጀመረ። ተቀመጥ ብዬ ለመንኩት።

ሲልክ አየዋለሁ። የሆስፒታሉን ስም ይጽፋል፣ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፣ ወዲያው መልስ ይመጣል። «አዩ፣ እንኳን ደህና መጣህ አለን» ይለኛል። ከዚያ ራጁን ላክ ብሎ ያዘዋል። ዝም። ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። እንደገና። ስሙ፣ የይለፍ ቃሉ፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ቀይ።

እኔ በሁለቱ ክፍሎች መካከል እመላለሳለሁ። በገባሁ ቁጥር ልጄ ጣሪያውን እያየች «ሄደ?» ትለኛለች።

«እየሄደ ነው» እላታለሁ።

ባለሙያው ከራሱ ቤት ነው የጀመረው። ገመዱን ነቅሎ ሰካው። መብራት የሚያብለጨልጨውን ትንሹን የኢንተርኔት ሳጥን አጥፍቶ አበራው። የራሳቸውን ኮምፒውተር የሚጠብቀውን ፋየርዎል ለጊዜው አጠፋው፤ ያው ነው። ኔትወርኩ ደክሞ እንደሁ ብሎ አንዲት ቃል ብቻ ያለባት ትንሽ ፋይል ጽፎ ላከ፤ እሷም ቀረች። በኋላ የክሊኒኩን መስመር ትቶ በራሱ ስልክ ኢንተርኔት ሞከረው። እንኳን ደህና መጣህ፤ ዝም፤ ቀይ።

ያኔ እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምን ብዬ ልንገርዎ እናቴ። ይኸ ነገር ሁለት መንገድ አለው። በአንዱ ሰላምታና ትእዛዝ ይሄድበታል። ዕቃው ሲመጣ ግን በሌላ ነው የሚገባው። እነሱ በሰላምታው በኩል ‹ዕቃህን በዚህ ቁጥር በር አምጣ› ይሉናል። ቁጥሩን በየጊዜው ይለዋውጡታል። እኛ ወዳሉን በር ስንሄድ ዝግ ነው።»

ገባኝ። የኛ ግቢ ሁለት በር አለው፤ ሰው የሚገባበት ጠባቡ፣ ከብትና የተጫነ አህያ የሚገባበት ሰፊው። ሰው በጠባቡ በር ቆሞ ቤቶች ይላል፣ ጤና ይስጥልኝ እንባባላለን፣ እህልህን በወዲያኛው አዙረህ አስገባ እንለዋለን። አህያውን ነድቶ ሲዞር እሾህ ተደግኖበት ዝግ ሆኖ ቢያገኘው፣ ሰላምታው ምን ያደርግለታል?

«ማን ዘጋው ታዲያ?»

ድምፁን የበለጠ ዝቅ አደረገ። «ባሕር ዳር አዲስ ፋየርዎል አስገብተዋል። ዘበኛ በሉት። ስለ ሰላምታው በር ተነግሮታል፤ ስለ ዕቃዎቹ በሮች ግን የነገረው ያለ አይመስለኝም።»

«አስከፍተዋ!»

«እሺ፣ እደውላለሁ።»

ደወለ። በዚያ ማዶ ያለው የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ኃላፊ ነው፤ ይህን ሰው ሙያውን ያስተማረው፣ እዚህ ሥራም ያስገባው እሱ ነው። እጁ እንዲፈታ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁት።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደኅና? ይቅርታ ላስቸግርዎ ነው። ራጅ እየላክን ነበር፤ ትንሽ እንቢ ብሎናል። ምናልባት እኔ ያልገባኝ ነገር ይኖራል። ያ አዲሱ ፋየርዎል እንዴት ነው ጋሼ፣ ደኅና ነው?»

«በጣም ደኅና ነው፤ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት። ሰርቨሩም እየሠራ ነው። ከናንተ በኩል ነው፤ ደግመህ እይ።»

«እሺ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ዘጋው። እኔ አፌን ከፍቼ አየሁት። እሱ ግን ገመዱን እንደገና ነቅሎ ሰካው፤ ትእዛዝ ነዋ።

ደውዬለት የነበረው የልጄ አባት የደረሰው ያኔ ነው። ከወንድሙና ከሰፈር ወንዶች ጋር በአይሱዙ መጡ፤ ቃሬዛ ጭነው ነው የመጡት። የታመመ ሰው በኛ አገር እንዲያ ነው የሚነሣ፤ የሰፈሩ ወንድ ተራ እየገባ ተሸክሞ፣ መኪና የማይገባበትን ሁሉ ያልፋል። ይዘዋት የሚሄዱት ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻው የታወቀ ሰው ነው፤ ባሌ ከዛፍ ወድቆ ትከሻው የወለቀ ጊዜ አቃንቶለታል፤ ዛሬም በዚያ ትከሻው ያርሳል።

ሐኪሙ ሊነግረው ሞከረ። ባሌ እስኪጨርስ አዳመጠውና፣ «ዶክተር፣ እግዜር ያክብርልኝ። ግን የኔን ትከሻ ያቃናው ኮምፒውተር አይደለም» አለው።

«ራጁ ሄዷል?» አለኝ ወደኔ ዞሮ።

«እየሄደ ነው።»

ወጥቶ ከወንዶቹ ጋር አጥሩ ሥር ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ወሬያቸው ይሰማኛል። አንዱ «ራጁ በእግሩ ነው እንዴ የሚሄደው?» ይላል። የባሌ ወንድም «ለኛ ቢሰጡን ኖሮ እስካሁን በቃሬዛም ተሸክመነው ዳንግላን ባለፍን» ይላል። ይስቃሉ። ሳቃቸው የክፋት አይደለም፤ የፈራ ወንድ ሌላ ምን ያደርጋል።

ባለሙያው እንደገና ደወለ። «ጋሼ፣ ደግሜ ላስቸግርዎ። ሰላምታው ይገባልናል። ዕቃው ነው የሚያስቸግረን። አንዳንድ ጊዜ ሲባል እሰማለሁ፣ ፋየርዎል አዲስ ሲሆን…»

«ሰላምታው ከገባ እኛ ዘንድ ችግር የለም ማለት ነው! አንቲቫይረስህን አጥፍተኸዋል? እሱን እይ። ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

በኛ አገር ታላቅን ሰው ተሳስተሃል አይሉትም። ጠጋ ብለው፣ እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ይሆናል ይሉታል፤ እሱም የተናጋሪውን ፊት አይቶ፣ ዝምታውን መዝኖ፣ ራሱ ይደርስበታል። ሳይዋረድ ይታረማል። እኔም በዚሁ ነው ያደግሁ፤ ጨዋነት ነው። ግን ፊት ለፊት ሲሆን ነው የሚሠራው። በስልክ ፊት የለም። ያኛው ስብሰባ ላይ ነው፤ ይኸኛው ፋየርዎሉ ደኅና ነው ወይ ብሎ እንደ ሰው ጤና ይጠይቃል።

ወደ ልጄ ገባሁ። «ሄደ?»

«እየሄደ ነው።»

«እማዬ፣ አሁን ሌላኛውም እጄ ጀመረኝ።»

አልጋውን እንዳልነካ ግድግዳውን ያዝኩ። ቅድም አንድ እጅ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነ። ሐኪሙን ጠራሁት፤ እጄን ጨብጪኝ አላት፣ ጨበጠችው፣ ላላ ያለ ነበር መሰለኝ፤ ስልኩን ይዞ ወጣ። በመስኮቱ በኩል የባሌ ወንድም ቃሬዛውን ከአይሱዙው ሲያወርድ ይታየኛል።

ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ስመለስ ባለሙያው ለሦስተኛ ጊዜ እየደወለ ነው።

«በሩ የተዘጋው እነሱ ዘንድ መሆኑን ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ነግረኸዋል?»

«ጠቆም አድርጌያለሁ እናቴ።»

«ጠቆም!»

«አስተማሪዬ ናቸው። በራሳቸው እጅ የሠሩትን…»

ስልኩ ተነሣ። «አቤት፣ አሁንስ ምን ሆነ?» አለ የማዶው ድምፅ። ባለሙያው «ጋሼ፣ እንደምን…» ሲል እኔ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ ጎንበስ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አድርጌ አላውቅም።

«ጌታዬ፣ እኔ የልጅቱ እናት ነኝ። በሩ የተዘጋው በእርስዎ ዘንድ ነው። ዘበኛዎ ሰላምታውን ያስገባል፣ ጭነቱን ይመልሳል። ይኸ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ያውቀዋል፤ አፍሮዎት ነው ያልነገረዎት። እኔ ግን ማፈር አልቻልኩም። ልጄ አንገቷ ተሰብሮ ተኝታለች። ይክፈቱልኝ።»

ባለሙያው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከጆሮው ሥር ላብ ሲወርድ አየሁ።

«ማናቸው እኚህ?» አለ የማዶው። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «አንተ፣ እውነት ነው?»

«…እውነት ነው ጋሼ።»

«ከምን አወቅህ?»

ያኔ የተናገረው! ከጠዋት ጀምሮ የታፈነው ሁሉ ወጣ። በራሱ ስልክም እንደሞከረው፣ ትንሿም ፋይል እንደቀረች፣ ሰርቨሩ የሚሰጠው የበር ቁጥር ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ አንዱም እንደማይከፈት። እንደ ዳዊት አንበለበለው።

«ታዲያ ይህን ጠዋት አትለኝም ነበር? አንተ'ኮ የጠየቅኸኝ የፋየርዎሉን ደኅንነት ነው! እኔም ደኅና ነው ብዬ መለስኩልህ!»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ይቅርታውን ተወውና ስልኩን እንዳትዘጋ። ከስብሰባው እየወጣሁ ነው።»

የወንበር ድምፅ፣ የኮቴ ድምፅ፣ የበር ድምፅ በስልኩ ተሰማ። ከዚያ የኪቦርድ መንኳኳት። የዚያ ሰው ጣት ሲንኳኳ በልቤ ላይ ነበር የሚንኳኳው። «ሞክር አሁን» አለ።

ትንሿን ፋይል ላካት። ሄደች። ወዲያው ራጁን አዘዘው፤ አረንጓዴ መስመር ከግራ ብቅ አለች፣ ቆም አለች፣ ደግሞ ፈቀቅ አለች። ባለሙያው ወደኔ አላየም፣ እኔም ወደሱ አላየሁም። መስመሯን ብቻ።

ገና እኩሌታው ሳይሞላ ከትይዩ ክፍል የወንድ እግር ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። ገብተዋል። ቃሬዛው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ የባሌ ወንድም በልጄ እግር በኩል ቆሟል፤ ባሌ በራስጌዋ፣ አንዱን የአሸዋ ከረጢት ሊያነሣ እጁን ዘርግቷል። ሐኪሙ በር ላይ «በፍጹም! በፍጹም!» ይላል፤ ማንም አልሰማውም።

«ተው! እየገባ ነው! ራጁ ባሕር ዳር እየገባ ነው!»

ባሌ እጁን ሳይመልስ አየኝ። «ጠዋትም እየሄደ ነው ብለሽኛል። ቀትር ላይም ብለሽኛል። ሴትዮ፣ ወጌሻው ዘንድ ሳይመሽ መድረስ አለብን።»

ያልኩትን ብያለሁ። ልጄን እንዳትፈራ ብዬ፣ እሱንም እንዳይነሣ ብዬ፣ ያንኑ ቃል ለሁሉም ሰጥቼ ጨርሼዋለሁ። አሁን እውነት ሲሆን ለመናገሪያ የቀረኝ ያው ቃል ነው።

«ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። «ጠዋት አልሄደም ነበር። ቀትር ላይም አልሄደም። አሁን ነው የሚሄደው።»

«ይኸንንስ በምን ልመንሽ?»

«ና፣ በዓይንህ እየው።»

«እኔ የሚሄደውን ካልሄደው በምን እለየዋለሁ?»

እጁ ከረጢቱ ላይ አረፈ። ያኔ ልጄ ጣሪያውን እንዳየች ተናገረች።

«አባዬ፣ እማዬ ስትዋሽ አውቃታለሁ። ጠዋት ስትዋሸኝ ነበር፤ እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩ። አሁን ግን እየዋሸች አይደለም።»

ባሌ አያት። እጁን ከከረጢቱ አንሥቶ እግሯ አጠገብ ካለው የአልጋ ብረት ላይ አኖረው። «ትንሽ እንቆይ» አለ ለወንድሙ። ወንድሙ «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» ሲል፣ «ትንሽ ነው አልኩ'ኮ!» ብሎ ተቆጣው።

ማንም አልተቀመጠም። የሰው ትንፋሽና የላብ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የሐኪሙ ስልክ እስኪጠራ ድረስ እንዲያው ቆመን ነበር።

«አቤት ዶክተር… አዎ፣ ደርሶሃል?… አዎ… ሁለተኛው?… አልተንሸራተተም?… እሺ… እሺ።» ብዙውን በእንግሊዝኛ ነው ያወሩት። እኔ ያየሁት ትከሻውን ነው፤ ከጠዋት ወደ ጆሮው ተሰቅሎ የነበረው ትከሻው ወረደ።

ስልኩን ዘግቶ ለባሌ ነው የነገረው፣ ለኔ አይደለም። «ተሰብሯል። ሁለተኛው የአንገት አጥንት ነው። ግን ከቦታው አልለቀቀም። አሁን ቀና አድርጋችኋት ቢሆን ኖሮ ይለቅ ነበር። መሣሪያውን ይዞ አምቡላንስ ተነሥቷል። እስኪመጣ ማንም እንዳይነካት።»

ባሌ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሮ፣ «ሰምታችኋል፤ ውጡ» አላቸው። እሱ ግን አልወጣም። አምቡላንሱ እስኪደርስ በራስጌዋ ቆሞ፣ ዝንብ እንኳ ፊቷ ላይ እንዳታርፍ በነጠላው ጫፍ ሲያባርር ዋለ።

አመሻሹ ላይ ነጫጭ የለበሱ ሰዎች መጡ። አንገቷን በማሰሪያው አጸኑት፣ ጣውላ ላይ እንደ አንድ ዕቃ አንከባለው አሰሯት። እኔ እግርጌዋ ገባሁ። በመንገዱ ላይ ጉብታ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን ቀስ በል እለው ነበር፤ ቀስ ብሎ እየሄደ ነበር እኮ። ቡሬን፣ ኮሶበርን አለፍን፣ መራዊን አለፍን። «ሄደ?» ስትለኝ የነበረችው ልጅ አሁን የምትጠይቀው ሌላ ሆነ። «ደረስን?» ትለኛለች። አልደረስንም ብዬ እውነቱን እነግራታለሁ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል ለብዙ ጊዜ ተኛች። ማሰሪያው ሲፈታ እጇ በረታ፣ እግሯ በረታ። አንገቷ ግን ወደ ግራ እንደ ድሮው አይዞርም። ትምህርቷን ጨርሳ ቡሬ ሥራ ይዛለች። ገበያ መካከል ከኋላዋ ስጠራት አንገቷን አትመልስም፤ መላ ገላዋን ይዛ ነው የምትዞረው፣ በዝግታ። የማያውቃት ሰው ኮራች ይላታል። እኔ ዞራ እስክትጨርስ ቆሜ እጠብቃታለሁ።